ወደ ግራ የዞረ ቋጠሮ

ለታናሽ ወንድሜ፣ ባሕር ማዶ ላለኸው፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ዘንባባ ሲቆርጡ የኖሩ ሰዎች ወገባቸው ቀድሞ ያረጃል ይባላል። ዓይንህ ይህን ጽሑፍ ለማንበብ ይበቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ካልበቃ ለሌላ ሰው ሰጥተህ አታስነብብ፣ መነጽር ፈልግ። የእኔን ብትጠይቅ፣ አላህ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ጉልበቴ ብቻ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። ይህን የምጽፍልህም ሁለቱንም እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው።

ባለፈው እሑድ ዊልዳ የምትባል ልጅ ደውላ ስለ እኔ ጠይቃሃለች። ቁጥርህን ከየት አመጣችው ብለህ ሳትገረም አትቀርም። የሰጠኋት እኔ ነኝ። ለምን እንደሰጠኋት ላስረዳህ ነው የተነሣሁት። እዚያው በስልክ ማስረዳት ይቻል ነበር፤ ግን ሰው በስልክ ሲዋሽ ቃሉ ነፋስ ሆኖ ይቀራል፣ በወረቀት ሲዋሽ የገዛ እጁ ይመሰክርበታል። ፊደል የቆጠርኩት ያለ አስተማሪ፣ ዓሣ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ መሆኑን ታውቃለህ። አሳምሮ ለመዋሸት የሚበቃ ጽሕፈት የለኝም።

አንተ ከሄድክ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኔም መንደሩን ለቅቄ ሎምቦክ ደሴት ገባሁ። ሠላሳ ዓመት እዚያ ተራራ ላይ የእንግዳ ጓዝ በትከሻ እንጨት ስሸከም ኖርኩ። ባለቤቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። አላህ ልጅ አልሰጠንም። በዚህ ዓመት የሸክም አለቃው ትከሻህ በቃው አለኝ። በዚያው ሰሞን በእኛ ተራራ፣ በታምቦራ ላይ፣ የሩጫ ውድድር ሊደረግ መሆኑን ሰማሁ። መንገዱ በኦይ ማንጋ ጫካ እንደሚያልፍ ሲነገረኝ ተመዘገብኩ። በስልሳ ስድስት ዓመቴ አንድ ዛፍ ለማየት ልሄድ ነው ብል ይስቁብኛል። ልሮጥ ነው ብልም ይስቁብኛል፤ ግን ለሚሮጥ ሰው ቁጥር ይሰጡታል።

ብቻዬን ነው የሄድኩት። መርከቡ ላይ ቆሜ ተሻገርኩ። ከዚያ እስከ ዶምፑ ከተማ አውቶቡስ ነው። አጠገቤ የቢማ ሽንኩርት በጆንያ ታቅፋ የተቀመጠች ሴት ነበረች። ወዴት ነው አባባ አለችኝ። ለሩጫ ነው አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ማን እያሳደደዎት ነው?» አለችኝ። ከዶምፑ ወዲያ በቆሎ በሚጭን መኪና ላይ ነበርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አጥንቴ ተወቀጠ። ስደርስ የተኛሁት እንደ ሬሳ ነው።

ያደርኩት ሙህታር ቤት ነው፤ ከእኛ ጋር ማር ይቆርጥ የነበረው ሙህታር። ጥርሱ አልቋል፣ ምላሱ እንዳለ ነው። በር ላይ ሲያየኝ፣ «ሞተሃል ብለውኝ ፋቲሐ አድርጌልህ ነበር» አለኝ። መልሰው አልኩት። «ምን አስቸኮለህ፣ ለሚቀጥለው ይሆንሃል» ብሎ አስገባኝ። ስለ አንተ እኔ አልጠየቅሁም፣ እሱም አላነሣም።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ዊልዳ ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች። የውድድሩ ኃላፊ እሷ ናት፤ እንደ ጣት ቀጭን፣ እንደ ዳኛ ደረቅ ልጅ። የጎማ ነጠላ ጫማዬን አይታ በዚህ አይሮጥም አለችኝ። በዚህ ዓይነት ጫማ፣ የሌላ ሰው ጓዝ በትከሻዬ፣ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ተራራ ወጥቻለሁ አልኳት። «ያኔ ቢሞቱ ተጠያቂዋ እኔ አልነበርኩም አባባ፣ አሁን ግን ነኝ» አለች። መልሷን ወደድኩት። የሙህታርን የእርሻ ጫማ ተውሼ ተመለስኩ። ከኋላዬ የተሰለፈ የጃካርታ ጎረምሳ፣ «አባባ ከትናንት ነው እንዴ የጀመሩት?» አለኝ። አንተ ስትወጣ እኔ ስወርድ እንገናኛለን አልኩት።

ከዚያ ቅጽ ሰጠችኝ። አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ዘመድ ይላል። ባዶውን ተውኩት። እሷ ባዶ አልቀበልም አለች። ማንም የለኝም አልኳት። «ማንም የሌለው ሰው የለም፣ ያልተጻፈ ነው እንጂ» አለችና ቅጹን መልሳ ገፋችልኝ። ሙህታር ኋላዬ ቆሞ ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ከኪሱ የተጣጠፈ ብጣሽ ወረቀት አወጣ። እዚያ ታዋው ከተማ፣ ዘንባባው እርሻ ላይ ከአንተ ጋር የሚሠራው ልጁ የሰጠው ቁጥርህ ነው። «እሱን ጻፍ» አለኝ። ስምህን ጻፍኩ። ዝምድና የሚል ቦታ ነበረ፤ እዚያ ላይ ወንድም ብዬ ጻፍኩ። ቁጥርህ ልጅቷ ዘንድ የደረሰው እንዲህ ነው።

እሑድ ከንጋት ስግደት በኋላ ተነሣን። የቡናውን እርሻ በሩጫ፣ ጫካውን በእርምጃ ወጣሁ። ያው አልቅት፣ ያው ሳማ፣ ያው ጭቃ ነው። በየዛፉ ቅርንጫፍ ሮዝ የፕላስቲክ ሪባን አንጠልጥለዋል፤ ሯጩ እሱን እያየ ይከተላል። መጀመሪያው ጣቢያ ላይ ቁጥሬን መዘገቡ። ረፋዱ ላይ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ደረስኩ። ግራው ወደ ገደሉ፣ ወደ ድሮው የማር ቆራጮች መውረጃ ይወስዳል፤ ቀኙ ወደ ተራራው ጀርባ። መሐሉ ላይ ያ የንብ ዛፍ አለ። አሁንም ቆሟል። አንድም ቅርንጫፉ አልወደቀም። ግንዱ ዙሪያ ሪባኑ ታስሯል፤ ጫፉ ወደ ቀኝ ያመለክታል።

አንተ ሕጉን አልረሳህም። የንብ ዛፍ ቀድሞ ያየ ሐረግ ያስርበታል፤ የታሰረ ዛፍ የሰው ቤት ነው፣ ያሰረው ካልሆነ ማንም አይነካውም። የእያንዳንዱ ሰው ቋጠሮ ደግሞ ይለያል። አንተ ግራኝ ስለሆንክ ቋጠሮህ ወደ ግራ ይዞር ነበር። በዚያ ዓመት ዛፉ ላይ የእኔ ሐረግ ታስሮ አገኘህ፣ የአንተ የለም። በእልህ ወጥተህ ማሩን ቆረጥክ፣ ስትወርድ ግን ያየህ ሰው ነበር። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ከእኔ ቀድመህ ሐረግ አስረህ እንደነበር ማልክ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ጠየቁኝ። የታሰረ ነገር አላየሁም አልኩ። ሰባት የማር ወቅት ጫካ እንዳትገባ ፈረዱብህ፤ ያጨሃት ልጅ አባትም ለሌባ አልድርም አለ። በሳምንቱ ጀልባ ተሳፈርክ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆነው። እኔ ምክንያት ነበረኝ። ታላቅህ ነኝ፣ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው እያልኩ ለራሴ ስደጋግመው ኖርኩ። አሁን ልጽፈው ብፈልገው አለቀብኝ። ያረጀ ገመድ ሆነ።

ወደ እሑዱ ልመለስ። ሪባኑን ሳይ ደሜ ፈላ። ንብ የማያውቅ፣ ዛፍ የማይወጣ የከተማ ሰው እንዴት የማር ዛፍ ያስራል ብዬ ተናደድኩ። ሳላስበው ጣቴ ቋጠሮው ላይ ነበር። ፈታሁት። ፕላስቲኩ እጄ ላይ ተተለተለ። ከዚያ ከታች የሚመጡ ሯጮች ድምፅ ሰማሁና ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ምልክት ከሌለ ሰፊ የሚመስለው ግራው ነው፤ ግራው ደግሞ መጨረሻው ገደል ነው።

ሐረግ ቆርጬ ባስር ማን ያነብበዋል? እነሱ የሚያውቁት ሮዝ ነው። ስለዚህ ዛፉ ሥር ቆምኩ። ለመጣው ሁሉ በቀኝ፣ በቀኝ እያልኩ እጄን ዘረጋሁ። አንዱን ሯጭ ወደ ላይኛው ጣቢያ ልኬ ሌላ ሪባን ማስመጣት እችል ነበር። ግን የታሰረውን ማን ፈታው ብለው ይጠይቁኛል። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን አፍ አልነበረኝም።

ቀትር ላይ ዝናብ መጣ። ካፖርቴን ቁጥሬ ላይ ደረብኩ፤ ስለዚህ ሁሉም የውድድሩ ሠራተኛ መሰልኳቸው። አንዳንዱ አመሰገነኝ። የጃካርታው ጎረምሳ እያነከሰ ሲደርስ፣ «አባባ፣ እንገናኛለን ያሉት እዚህ ነው እንዴ? ደከመዎት?» አለኝ። ሥራ ላይ ነኝ፣ በቀኝ በኩል እለፍ አልኩት። ከዚያ በኋላ ሰው እየሳሳ ሄደ። ስንት እንደቀረ አላውቅም፤ የመጨረሻው አለፈ ብዬ ብሄድ አንድ ቢቀርስ? ግንዱን ተደግፌ ጠበቅሁ። ሯጭ መሆኔ ቀርቶ የዛፍ ማሰሪያ ሆኜ ዋልኩ።

ሁለተኛው ጣቢያ ቁጥሬን ሲያጣ ገደሉን መፈለግ ጀመሩ። ዊልዳ ያኔ ነው የደወለችልህ። የተባባላችሁትን ኋላ ነገረችኝ። ስሜን ስትጠራልህ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ሁለቴ ሃሎ አለች። ከዚያ፣ «ገደል ውስጥ አትፈልጉት። ሙህታርን ያዢና ወደ ንብ ዛፉ ሂጂ። ያ ሽማግሌ ከዚያ አያልፍም» አልካት። ሌላ አልተናገርክም። ግን እሷ እስክትዘጋው ድረስ ስልኩን አልዘጋህም። ይህንንም ነግራኛለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ሁለቱ መጡ። እኔ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ውሃ ሰጠችኝ። ከዚያ ግንዱን አየች፣ እጄ ላይ ያለውን ብጥስጣሽ ፕላስቲክ አየች። ማን ነው የፈታው አለችኝ። ሙህታር መሬት መሬቱን ያያል። ያኔም በሽማግሌዎቹ ፊት ስጠየቅ አጠገቤ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ሲያይ ነበር።

እኔ ነኝ የፈታሁት አልኩ።

ሙህታር ሥሩ ላይ ቁጭ አለ። «በል እሺ» ብቻ ነው ያለው። ዊልዳ ግን ምን ታውቃለች፤ ተቆጣች። «ያኔውኑ ቢነግሩኝ እኮ የሁለት ደቂቃ ነገር ነበር አባባ። ሌላ አስርበት ነበር» አለች። እየደገፉኝ ስንወርድ መንገዱን ሁሉ ሁለት ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ እያልኩ ነበር። በመዝገቡ ላይ ከቁጥሬ ጎን አልጨረሰም ብላ ጻፈች። ልክ ናት።

ማክሰኞ ከሙህታር ጋር ተመልሼ ወጣሁ። ሐረግ ቆርጬ ዛፉን አሰርኩ። ቋጠሮውን ወደ ግራ ለማዞር ብዙ ደከምኩ፤ ቀኝ እጅ የግራኝን ሥራ አያውቅም። ሙህታር ከትከሻዬ ኋላ ቆሞ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ረጋ በል» ይለኛል። አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። አሁን ማንም ቢያየው የማን እንደሆነ ያውቃል።

ዓርብ ደግሞ ከስግደት በኋላ ያኔ ከፈረዱት ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩትን ሁለቱን ፈልጌ አገኘሁ። ያኔ የአንተን ሐረግ ፈትቼ የራሴን ማሰሬን፣ የዛፉን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። አንደኛው ጆሮው አይሰማም። ጮክ ብዬ ደገምኩለት፤ አሁንም አልሰማም፣ ሦስተኛ ደገምኩ። ስለዚህ የመስጊዱ ሰው ሁሉ ሰማ። ያ ያጨሃት ልጅ አባት ሞቷል። መቃብሩ ሄጄ ለእሱም ተናገርኩ፤ እሱ እንኳ አንድ ጊዜ በቃው።

ደክሞኛል ወንድሜ። ሎምቦክ አልመለስም፤ ሙህታር ጓሮው ያለችውን ክፍል ሰጥቶኛል። ንቦቹ ዝናቡ ሲያባራ ይመጣሉ። እኔ ዛፍ የምወጣበት ጉልበት የለኝም፣ ቢኖረኝም አልወጣም፤ የታሰረ ዛፍ ነው። ያሰረው ሰው ከመጣ ጢሱን ከሥር እይዝለታለሁ። ካልመጣ ማሩ የንቦቹ ይሁን፣ እኔ ሌላ ሰው እንዳይነካው እየጠበቅሁ እቀመጣለሁ። መቆሙን ለምጄዋለሁ።

አላህ ወገብህን ያጽናልህ፣ የሰው አገር እንጀራህን የጣፈጠ ያድርግልህ፤ በባሕርም በየብስም ቢሆን ከመንገድ ክፉ ይጠብቅህ።

ታላቅ ወንድምህ
ከኦይ ማንጋ