የስልሳ ቀኑ ሰርቨር

ጥር 6

ዛሬም ጠረግኩ። የኮሌጁ ኮምፒውተር ክፍል አቧራው አያልቅም። የመርሳ መንገድ በሙሉ በመስኮቱ ነው የሚገባ።

እየጠረግኩ ሦስት ሰዎች ገቡ። ዲኑ ጋሽ ደምሴ፣ የኮምፒውተር መምህሩ አቡበከር፣ ከወልድያ የመጣ በረከት የሚባል ባለሙያ። «ውጪ» ያለኝ የለም። እንደ ወንበር ነኝ መሰል...

ጭቅጭቁ ስለ አዲሱ ሰርቨር ነው። አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር ውስጡን ከፋፍሎ እንደ አራት ኮምፒውተር የሚያሠራ ሶፍትዌር አለ አሉ። እንደ እኛ ቤት ማለት ነው፤ አንድ ክፍል በመጋረጃ ተከፍሎ ሦስት። በአንዱ የተማሪ ውጤት፣ በአንዱ ቤተ መጻሕፍት... የትኛው ሶፍትዌር ይጫን? የሚገዛው ወይስ ነጻው?

«ነጻው ይበቃናል። እኔም አውቀዋለሁ» አለ መምህር አቡበከር።

«ነጻ ነገር ሲበላሽ ማንን ትጠይቃለህ?» በረከት ነው።

«የተገዛውስ ሲበላሽ ከመርሳ ሆኜ ማንን ልጠይቅ? ኔትወርኩ ራሱ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለ!»

ጋሽ ደምሴ ሳቀ። «ተው እንጂ አቡበከር! የደሴ ኮሌጆች ቢሰሙ ምን ይሉናል? በነጻ የሚሠራ ኮሌጅ?»

መምህር አቡበከር «እንደፈለጋችሁ» ብሎ ወጣ። በረከት የሚገዛውን ጫነ፤ ለጊዜው የሙከራውን። «ስልሳ ቀን ይሠራል። እስከዚያ ላይሰንሱን ትገዛላችሁ» አለ። ጋሽ ደምሴ ስልኩን እያየ «እሺ፣ እሺ።»

ፊቱ ስሆን አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ደብተሬ ላይ ግን አይገባውም። ነጻ ነገር ያሳፍረዋል፤ አለማወቅ ግን አያሳፍረውም። ክራቫቱ አንገቱን አንቆት ደም ወደ ጭንቅላቱ አይደርስም።

ጥር 19

«ሁሪያ፣ ምንድን ነው ቀን ከቀን የምትጽፊው?» አለችኝ እማ። ምንም አልኩ።

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ጦርነቱ መጣ፤ ትምህርቴ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት እዚህ ብቻ ነው። ዛሬ አንዷ ተማሪ እያጸዳሁት ባለው ወለል ላይ በጭቃ ጫማዋ አለፈች። «ይቅርታ» አለች፣ ለጓደኛዋ እየሳቀች። መልሼ ጠረግኩት። መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?

የካቲት 28

ስልሳ ቀኑ ሊሞላ ስምንት ቀን ቀረው። ላይሰንሱን አልገዙም። ቢገዙማ ጋሽ ደምሴ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ያወራው ነበር።

የጋሽ ደምሴ ቢሮ በር ላይ ቆምኩ።

«ምን ፈለግሽ?»

«ጋሼ... ያ ሰርቨር...»

«ፋንቱን ጥሪልኝ።»

ፋንቱ ሬጅስትራሯ ናት። ጠራኋት። በቃ። ሄጄ ጠራኋት! መምህር አቡበከር ቢሰማ ይረዳኝ ነበር። ግን ወጣት ወንድ ነው፣ ብቻዬን ቢሮው እንዴት ልግባ? በራሴ ነው የተናደድኩት። ከሁሉም በላይ በራሴ።

መጋቢት 7

ስልሳው ትናንት ሞላ። እሑድ ነበር። ዛሬ በሩጫ ሄድኩ... ሁሉም ይሠራል። ፋንቱ ውጤት እያስገባች ታንጎራጉራለች። ተሳስቼ ሰማሁ? ደብተሬን ገለጥኩ። ስልሳ ይላል።

መጋቢት 8

መብራት ጠዋት ሄደ። ከሰዓት መጣ። ሰርቨሩ በራ፤ የተማሪ ውጤት ያለበት ክፍሉ ግን አልነሳም አለ። ተመራቂዎቹ የምዘና ፈተና ሊመዘገቡ ውጤታቸውን ፈልገው ግቢውን ሞሉት። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል።

በረከት በሚኒባስ ከወልድያ መጣ። ስክሪኑን አየ። አጎንብሶ አነበበው። ከዚያ ዞሮ፦

«ገመዱ ያለ አግባብ ተነቅሏል። ማን ነው እዚህ የሚገባ?»

ሁሉም እኔን አዩኝ።

«በመጥረጊያሽ ነቅለሽዋል!»

«አል... አልነካሁም።»

«ኧረ ድምፅሽን አሰሚ! አፍ የለሽም?» አለች ፋንቱ።

ጋሽ ደምሴ አልጮኸም። «ነገ ጠዋት የስንብት ደብዳቤሽን ውሰጂ» አለ። መምህር አቡበከር የለም፤ ሐራ ከተማ ለቅሶ ሄዷል።

ቤቱን የያዘው የእኔ ሥራ ነው። እማ እግሯ ከታመመ ወዲህ ከበር አትወጣም። ስናፈጥር ነገርኳት። ቴምሯን ይዛ ቀረች። «አላህ ያውቃል ልጄ። በረመዳን ክፉ አትናገሪ፣ ዝም በይ።»

አላህማ ያውቃል። ጋሽ ደምሴ ነው የማያውቀው።

መጋቢት 9

ደብተሩን በሻርፔ ሥር ይዤ ዲኑ ቢሮ ገባሁ። ጋሽ ደምሴ፣ በረከት፣ ፋንቱ። መምህር አቡበከርም ከሐራ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ፈርሚ» አለ ጋሽ ደምሴ።

ደብተሩን አወጣሁ። ጥር 6ን ገለጥኩ።

«ደግሞ ማንበብ ትችያለሽ?» በረከት ሳቀ።

ያ ሳቅ ነው ያናገረኝ። አነበብኩ። «ጥር 6። በረከት የሚገዛውን ጫነ፤ ለጊዜው የሙከራውን። ስልሳ ቀን ይሠራል፣ እስከዚያ ላይሰንሱን ትገዛላችሁ አለ። ጋሽ ደምሴ ስልኩን እያየ እሺ፣ እሺ።»

ፋንቱ ወደ በረከት ዞረች።

«ሌላስ ምን ይላል?» አለ ጋሽ ደምሴ።

ይኸው ነው ብዬ መዝጋት እችል ነበር። አልዘጋሁም። ነጻ ነገር ያሳፍረዋል፣ አለማወቅ ግን አያሳፍረውም... ክራቫቱም ሳይቀር። ሁሉንም አነበብኩት። ፋንቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

መምህር አቡበከር ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሄዶ ተመለሰ። «የሙከራው ጊዜ አልቋል ይላል ስክሪኑ። በርቶ የቆየውን አያጠፋውም፤ አንዴ ከጠፋ ግን አያስነሳውም። እሑድ ያልቆመው ለዚህ ነው። መብራት እስኪሄድ ነው የጠበቀው። ውጤቱ አለ፣ አልጠፋም።» ከዚያ ወደ በረከት ዞረ። «ይህ ጽሑፍ ትናንትም እዚያው ነበር አይደል?»

በረከት ጫማውን አየ።

ጋሽ ደምሴ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ወደ ሥራሽ ሂጂ» አለኝ። ይቅርታ? የለም።

መጋቢት 10

መምህር አቡበከር ነጻውን ሲጭን ዋለ፤ ማታ የተማሪው ውጤት ተከፈተ። በነጻ የሚሠራ ኮሌጅ ሆንን። ከደሴ የሳቀብን እስካሁን የለም።

መጋቢት 24

ዒድ አለፈ። አዲስ ጫማ አልገዛሁም። እማ ግን ሳቀች።

ዛሬ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? በረከት! ለበሩ የጣት አሻራ መቆጣጠሪያ ይዞ፣ በጋሽ ደምሴ ተጠርቶ፣ አብረው እየሳቁ። ደሜ ፈላ። እኔን በአንድ ቃል ሊያባርሩኝ ነበር። እሱን በክብር ይጠሩታል?

«ለጊዜው የሙከራውን እናድርግና...» አለ በረከት።

መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ።

«ስንት ቀን ነው የሚሠራው?»

ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ራሴም ደነገጥኩ። በረከት ወደ ጋሽ ደምሴ አየ። ጋሽ ደምሴ ክራቫቱን ነካ አደረገ፣ ላላ አደረገው።

«መልስላት» አለ።

«ሠላሳ ቀን።»

ደብተሬን አወጣሁ። እዚያው፣ ፊታቸው ቆሜ የሚያልቅበትን ቀን ጻፍኩ። ሚያዝያ 24።