የአልማዝ ግማሽ ደብዳቤ

ሚያዝያ 9 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ነገሌ

አልማዝ ሞታለች። ባሏ ከአዲስ አበባ በእኔ ስም በላከው ፖስታ ውስጥ መርዶውና እሷ ያልጨረሰችው ደብዳቤ አብረው አሉ። በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የምታየውን የጠፈር መርከብ ታሪክ ለዓይነ ስውሩ አባቷ ለባሻ ደምሴ ትጽፍ ነበር፤ አንባቢው እኔ ነኝ።

መርዶ ለብቻ፣ ያውም በቀትር፣ አይነገርም። ስለዚህ የእሷን ብቻ አነበብኩ። ካፒቴኑ ከመርከቡ ውጭ ተንጠልጥሎ ሳለ ገመዱ ሲበጠስ ጽሑፉ ያበቃል።

«የበሬ ቆዳ ቢሆን አይበጠስም ነበር!» አለ ጎረቤታቸው ጃርሶ። «ዱኤ፣ ባሻ። ሞተ በቃ።»

«ምላስህን ይቁረጠው! አይሞትም» አሉ ባሻ እየሳቁ። «ሳምንት ልጄ ታወጣዋለች። በል መምህር፣ ከመጀመሪያው ድገምልኝ።»

ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጬ ሽማግሌ ፍለጋ ወጣሁ።