ምርቃት የማይቆረጥበት ዲስክ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2003 ዓ.ም.

ብሉ ሬይ የሚባለውን አዲስ ዲስክ የሚጽፈው ማሽን በስንት ጭቅጭቅ ዛሬ ሱቄ ገባ። መሳለሚያ አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ ከምናቀናብረው ሁሉ የመጀመሪያዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ገና ሳልጠግበው ጋሼ ሸምሱ መጡ፤ የበርበሬ በረንዳው ነጋዴ። የትንሿን ልጃቸውን ሠርግ ቀረጻ ይዘዋል። አምና የትልቋን ሠርግ ሌላ ቪዲዮ ቤት ሲያሠሩ፣ ዲቪዲው አልበቃ ብሎ የሽማግሌዎቹ ምርቃት ተቆርጦ ቀረ። መራቂው ታላቅ ወንድማቸው ስለነበሩ አኩርፈው ከረሙ። ዘንድሮም በስንት ልመና ነው መጥተው የመረቁት።

አዲሱን ዲስክ አሳየኋቸው።

"ሃያ አምስት ጊጋ ይይዛል፣ ጋሼ።"

"ጊጋውን ተይውና በሰው ንገሪኝ።"

"አምስት ዲቪዲ የሚችለውን ይሄ ብቻውን ይችላል። ወንድምዎ ከነምርቃታቸው፣ አንድ ቃል ሳይጎድል ይገባሉ።"

ፊታቸው በራ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ቤታቸው ያለው ማጫወቻ ይህን ዲስክ አያነብም። የሰፈራቸውም አያነብም። መደበቅ አላውቅበትም፣ ነገርኳቸው።

ትንሽ አሰቡና፣ "ማጫወቻው ከዱባይ ይመጣል። ወንድሜ አሁንም ከተቆረጠ ግን ከየትም አይመጣልኝም። ጻፊው" አሉ።

እሳቸው ሲሄዱ ቀረጻውን ከፈትኩት። ታላቅየው እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፣ ይመርቃሉ፣ ማለቂያ የለውም። እንደ ድሮው ቢሆን እዚህ ጋ ስደርስ ጣቴ ለመቁረጥ ይቸኩል ነበር። ዛሬ እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁና፣ ባዶ ሱቅ ውስጥ ከሠርገኛው እኩል "አሚን!" አልኩ።