ስለ ውሃው የጻፍኩት ተሰረዘ

ለውድ ወንድሜ ለኦጉቱ፣ ሞምባሳ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ኪሱሙ ደህና ነን፤ ልጄ አኮት ብቻ ሆዷን አሟት ሦስት ቀን ትምህርት ቤት አልሄደችም።

በግቢያችን የስልክ ግሩፕ ላይ «የታንከሩ ውሃ ይሸታል፤ ይታይልን» ብዬ ጻፍኩ። ግሩፑን የሚመራው የግቢው ሊቀመንበር ኦሞሎ ወዲያው ሰረዘው። ብደውልለት «ደንቡ ሰው ማሸበር ይከለክላል። አንቺ ደግሞ ወሬ ትወጃለሽ» አለኝ። ደግሜ ብጽፍ አስወጣኝ።

ጎረቤቴ አዊኖ ደጄ ላይ ቆማ «እኔንም ሸቶኛል፤ እንዳያስወጣኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ። ፊቷን ማየት አስጠላኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የኦሞሎ ሚስት የታሸገ ውሃ በካርቶን በካርቶን ስታስገባ አየኋት።

ለልጆችህ ሰላም በልልኝ። የአኮት ሰላምታ ስትነቃ ይደርስሃል።

እህትህ አውኦር