ኡንዳ ደዓር በካርታዎ ላይ ነጭ ስለመሆኑ

ለተከበሩ የወራሪ ዕፅዋት ስርጭት ትንበያ ክፍል ኃላፊ፤

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም ጭምር ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም እዚህ አዋሽ ዳር ደህና ነን፤ ዛፉ ስለበዛልን ጥላ አላጣንም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መሐሉ ላይ ቢቀደድብኝ ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

በቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ስላስለጠፉልን ካርታ ከልብ እናመሰግናለን፤ እጅግ ያማረ ነው። እናንተ ፕሮሶፒስ፣ እኛ የደርግ ዛፍ የምንለው እሾህ ሊዛመትበት የሚችለው አገር ቀይ፣ የሚያሰጋው ቢጫ፣ የማይደርስበት ነጭ ተቀብቷል። ወጣቱ ባለሙያዎ እንዳስረዳን ኮምፒውተሩ ዛፉ የታየበትንና ያልታየበትን ቦታ ከዝናቡ፣ ከሙቀቱና ከአፈሩ ጋር አንድ ላይ አስቦ የነገውን ይተነብያል፤ ዛፉን የሚመነጥረው ማሽንም የሚላከው ቀይ ወደሆነው ብቻ ነው። አላህ ዕውቀታችሁን ይጨምርላችሁ። ቀበሮ እንኳ ማለፊያ ያጣበትን የእኛን ኡንዳ ደዓር ሸለቆ ግን ነጭ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ቅሬታዬን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ባለሙያዎ መረጃ ሊሰበስብ የመጣ ዕለት መንገድ ዳር ያገኘው ሽማግሌያችንን ዋግሪስን ነበር። መኪናው እየተንተከተከ፣ በመስኮት በኩል፣ “አባቴ፣ ኡንዳ ደዓር ውስጥ ይህ ዛፍ አለ?” አለው። ዋግሪስም፣ “ልጄ፣ አላየሁም” ሲል መለሰ። ባለሙያው “የለም” ብሎ መዘገበና አመስግኖ ሄደ። በእኛ ዘንድ ወሬ፣ ማለትም ዳጉ፣ ቁጭ ተብሎ ነው የሚነገር፤ ሰው ያላየውን አየሁ አይልም፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማው ሳይጠራ አይናገርም። ዋግሪስ ያላየው ሸለቆው በእሾህ ከተዘጋ ወዲህ የሚገባበት ስላጣ ነው። “ለምን እንዳላየሁ ልነግረው አፌን ስከፍት ሞተሩ ቀደመኝ” ይለናል እስከ ዛሬ። “ቢቀመጥ ኖሮ ከማን እንደሰማሁ እስከ አያቱ ድረስ እቆጥርለት ነበር፤ አንቺ ሐዋ፣ መነጽሩን እንኳ አላወለቀም እኮ።” ኮምፒውተርዎ የዋግሪስን ቃል ሳይጠራጠር ስለተቀበለ በሽማግሌያችን ስም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ኡንዳ ደዓር የእኔና የእህቴ የአስያ መንገድ ነበር። እኔ ከወዲህ፣ እሷ ከወዲያ ነን። ጠዋት እሷ ቤት የታለበ የግመል ወተት አረፋው ሳይጠፋ እኔ ቤት ይደርስ ነበር። አሁን ወደ እሷ ሰፈር ለመድረስ ጥቁሩ ድንጋይ በምንለው የእሳተ ገሞራ ሜዳ በኩል መዞር ግድ ነው፤ ጤነኛ ሰው እንኳ መንገድ ላይ ያድራል። ጤና ጣቢያው ያለው ከወዲህ፣ በእኔ በኩል ነው።

ሦስተኛው ቅሬታ አይደለም፤ ዳጉ ነው። አስያን ምጥ ሲይዛት አልነበርኩም፤ ስለዚህ የምነግርዎ ከልጇ ከሐስና የሰማሁትን ነው። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት ሸለቆው አፋፍ ላይ ደረሱ። ከዚያ ሆኖ የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ይታያል። ሁለቱ እሾሁን እየቆረጡ ሊገቡ ሞከሩና ልብሳቸው ተቀዳዶ፣ ደም በደም ሆነው ተመለሱ። ከዚያ ቃሬዛውን ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ሲያዞሩት አስያ፣ “ቆርቆሮው እኮ ይታየኛል፤ ወዴት ነው የምትወስዱኝ?” አለች። ሕፃኑንም እሷንም ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ቀበሯቸው። በእኛ አገር ወሬ ከዝናብ ደመና ይቀድማል፤ የእህቴ መርዶ ግን እንደ ቃሬዛዋ ዞሮ ስለመጣ፣ የደረሰኝ ከተቀበረች በኋላ ነው።

አሁን ሐስና ነፍሰ ጡር ናት፤ ዝናቡ ሲያባራ ትወልዳለች። ወደ እኔ ቀድማ ትምጣ እንዳልል፣ ታናናሾቿና ከብቶቹ ከእሷ በቀር ሰው የላቸውም። ስለዚህ በነጩ ቦታ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ እንዲያኖሩልን፣ ማሽኑም ዝናቡ ሳያባራ ቃሬዛ የሚያሳልፍ ያህል እንዲከፍትልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሸለቆውን በሙሉ አላልኩም፤ የማሽኑን ነዳጅ አላበዛም። አጣርተን እንወስናለን ካሉም እንኳን ደህና መጡ፤ ወተት አለ። ዋግሪስ ሞተሩን ብቻ አጥፍተው ይቀመጡ ብሏል።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ካርታው ላይ ሰው የሌለ ከሚመስልበት ቦታ ጠርዝ፣ መልካም ጤንነት የምመኝልዎ፣

አክባሪዎ
ሐዋ ያዮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአስያ መቃብር ድንጋዮች መካከል ዛፉ በቅሏል። ይህን ከማንም አልሰማሁም፤ በዓይኔ አየሁት። በዚያ በዞርኩ ቁጥር ከነሥሩ ቆፍሬ ስለምነቅለው፣ ያችን የእህቴን ቁመት የምታህል ቦታ በተመለከተ ካርታዎ ልክ ነው። እጄ እስኪደክም ድረስ ነጭ ብለው ይተዉልኝ።