ግራውንድም ፎቅ ነው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ምሽት 1፡00

ከአቃቂ እስከ ኮዬ ፈጬ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ መጣሁ። እግሬ የለም።

ደብተሬ፣ ስሚኝ። እትዬ ዘይነባ ደረጃው ሥር ጠብቀው ያዙኝ። ግራውንድ ነው ቤታቸው፤ በመስኮታቸው ሽንኩርትና ሳሙና ይሸጣሉ። እሁድ የነዋሪዎች ማኅበራችን ድምፅ ያሰጣል፤ የመስኮት ሱቆች ተዘግተው ቦታው መኪና ማቆሚያ ይሁን ወይስ አይሁን። ድምፅ የሚሰጠው የጥሪ መልእክት በስልኩ የደረሰው ብቻ ነው። ላይ ላለነው ደርሷል። ግራውንድ ለአንድም ሰው አልደረሰም።

«እኛ ሰው አይደለንም እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

 መልእክቱን የሚልከው ፕሮግራም የኛ ቢሮ ሥራ ነው። ነገ ገብቼ አየዋለሁ።

ረቡዕ 12፤ ቢሮ፣ ምሳ ሰዓት

ስህተቱን አገኘሁት! የፕሮግራሙን ኮድ የጻፈው አለቃዬ ታምራት ነው። የፎቆቹን መረጃ ያስገባሁት እኔ፤ ግራውንድን 0፣ ከላዩ ያለውን 1፣ እንዲህ እያልኩ እስከ 4። ኮዱ ግን «ከ1 ጀምረህ እስከ 4 ላክ» ይላል። በቃ። ግራውንድ እንዳለ ተዘለለ። አንዷን ቁጥር መቀየር ነው ሥራው።

ደስ ብሎኝ ሮጬ ነገርኩት። ሞኝ!

0 ያልሽው አንቺ ነሽ አለኝ። ሰው ሲቆጥር ከአንድ ነው፤ እሱ የተማረበት የኮድ ቋንቋም ከአንድ ይጀምር ነበር። ይጀምር፣ ምን ገዶኝ። አሁን የምንሠራበት የሚጀምረው ከዜሮ ነው። ሕንፃውንስ አገር ሁሉ ጂ ፕላስ ፎር አይደል የሚለው? ጂዋ ታዲያ ምንድን ናት፣ ጌጥ?

እውነቱ በኋላ ወጣ። ሥራውን ማኅበሩ ተረክቧል፤ ስህተት አለው ከተባለ የሌሎቹ ብሎኮች ሥራ አይሰጠንም። ስለዚህ ዝም በይ አለኝ።

ሐሙስ 13፤ ማታ

ዛሬ ታምራት «መፍትሔ» ይዞ መጣ። ግራውንድን 1 እንለዋለን፣ ሌላውን አንድ አንድ ወደ ላይ እንገፋለን። መቼ? ከድምፁ በኋላ። ሱቃቸው ከተዘጋ በኋላ! እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ አምስተኛ ልሆን ነው ማለት ነው፣ ጣሪያው ላይ። ሳቄ አመለጠኝ። ተናደደ። የሙከራ ጊዜዬ እንዳላለቀ አስታወሰኝ።

ይህን ሥራ እንዴት ለምኜ እንዳገኘሁት አንቺ ታውቂያለሽ። ፈርቻለሁ። ግን ነገም እትዬ ዘይነባ ደረጃው ሥር አሉ። በየት በኩል ልለፍ?

ዓርብ 14፤ ጠዋት 4፡00

ለማኅበሩ ሊቀ መንበር ደወልኩ። ስህተቱ የኛ ነው፣ ግራውንድ ተዘሏል አልኳቸው።  እሳቸው ባለ መኪና ናቸው። እንዲያም ሆኖ ለግራውንዱም ላኪ አሉ፤ እሁድ ሰው ፊት ቆመሽ የምታስረጂው ግን አንቺ ነሽ። እሺ አልኩ።

1 ወጣ፣ 0 ገባ። ተላከ።

10፡00። እትዬ ዘይነባ ደወሉ፤ መጣልኝ፣ መጣልኝ ይላሉ። ከኋላ የጎረቤቶቻቸው ጫጫታ። አለቀስኩ፣ ቢሮ ውስጥ። ታምራት አየኝ። 

እሁድ 16፤ ጠዋት 3፡00

በረንዳ ላይ ነኝ። ከታች ወንበር ይደረደራል፤ ግራውንድ ያለው ሰው በሙሉ ወጥቷል።

ታምራት በስልክ ጻፈልኝ። የኔትወርክ ችግር ነበር በይ፣ ሰኞ ሥራሽ ላይ ነሽ። ካልሆነ እንዳትመጪ።

ሁለቴ አነበብኩት። 

አልልም። ኮዱን ማን እንደጻፈው፣ ማን ዝም በይ እንዳለኝ፣ ሁሉንም እናገራለሁ። ሰኞም ቢሮ እገባለሁ፤ ማባረር ካማረው ፊቴን እያየ ያባርረኝ። ስሜ ተጠራ። ወረድኩ።