እማዬ ያሰረችው ቋጠሮ

ለተደበቀው ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ወንዙ፣ ፀሐዩ፣ የሞተሩ ጩኸት እንዴት አድርጎሃል? እኔ አለሁ፤ ከካውያና ከእንፋሎት ጋር ስታገል እውላለሁ። እማዬም አለች። ደህና ናት ብዬ ልጽፍልህ ጀምሬ ነበር፤ ውሸት ሆነብኝና ሰረዝኩት። ደህና አይደለችም፤ እኔም ደህና አይደለሁም። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ላውንደሪው ውስጥ በምሳ ሰዓት፣ ሸሚዝ በምተኩስበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የምጨርሰው ግን ቤት ነው። መስመሩ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ።

መጀመሪያ ስድቤን ላውጣና ይውጣልኝ። አንተ ጨካኝ። አንተ አንጀተ ደረቅ። የወለደችህ እናት ጀልባህ ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ አንዲት ቃል ሳትተነፍስላት ዋልክ። ይኸው፣ ተነፈስኩ። አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ ያን ዕለት ከማድቤቱ ጀርባ ቆመን በጥድፊያ የተባባልነው ምኑም ምኑ አይደለም።

የእማዬ ግራ ዓይን አንተ ከሄድክ ወዲህ ጠፍቷል። ቀኙም ዙሪያው ጨልሞ መሃሉ ብቻ ነው የቀረው። በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው ትላለች። ሰው ከፊቷ ቅርብ ሆኖ ካልቆመላት በቀር ምንም አይታያትም። የዓይን ሐኪሙ ቶሎ ካልተሠራ እሱም ይሄዳል፣ ቢሠራም ይተርፋል ብዬ ቃል አልገባም አለን። እማዬ ይህን ስትሰማ ቦርሳዋን አንስታ ተነሣች። «ልጄን ሳላይ ይቺን አንድ ዓይኔን ማንም አይነካትም» አለችው። ብለምናት፣ ባስለምናት፣ ወይ ፍንክች። በሩ በተንኳኳ ቁጥር «እሱ ነው?» ትላለች። ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ እሱ ነው? ጎረቤታችን ሽንኩርት ልትበደር ስትመጣ እሱ ነው? እኔ በሩን ከፍቼ «አይደለም» ማለት ታከተኝ። ዓይኗ እየጠበበ፣ ሐኪሙ እየተቆጣ፣ አንተ የት እንዳለህ ሳይታወቅ፣ እኔ መሃል ላይ ሆኜ ልፈነዳ ደረስኩ።

እንዲህ እያለን ፎቅ ላይ የሚኖረው ሹፌር ኮቱን ሊያሳጥብ መጥቶ ሹክ አለኝ። ለሥራ በሄደበት አገር ጎብኚ በሚያንሸራሽር ጀልባ ላይ አንተን የመሰለ ሰው አይቷል። ፊቱ ተሸፍኖ ስለነበር አልምልም አለኝ፤ ግን ጉሮሮውን አጠራረጉ ያው የእሱ ነው አለ። የዚያን ቀን የሰው ነጭ ሸሚዝ አቃጠልኩ።

መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት መኪና አያልፍም። የቀረው የጎብኚዎቹ ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ጠዋት ወስዶ፣ ፏፏቴውን ከሰማይ አሳይቶ፣ ከሰዓት ድረስ በጀልባ ጉማሬና አዞ አስጎብኝቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚመልስ። ማየት ለተሳናት እናት የማየት ጉዞ ያዝኩላት ማለት ነው። ሳቅ ከመጣልህ ሳቅ። የምንሄድበትን ምክንያት ግን አልነገርኳትም። ሰውዬው አንተ ባትሆንስ? ልቧን እንደገና መስበር ፈራሁ። ከመሥሪያ ቤት የደረሰኝ ዕድል ነው፣ ነፋስ ትቀበያለሽ ብዬ ዋሸኋት።

አውሮፕላኗ ከሚኒባስ ታንሳለች። ሰውን እንደ ጆንያ እየመዘኑ፣ በክብደቱ እያመጣጠኑ ነው የሚያስቀምጡት። መዛኟ የእማዬን ኪሎ ጮክ ብላ ስትጠራ፣ እማዬ «ጫማዬም አለበት እኮ» ብላ ጎብኚውን ሁሉ አሳቀችው። ሰማይ ላይ ደግሞ አብራሪው ፏፏቴው በስተቀኝ ነው ሲል ሁሉም ወደ መስኮት ተጋፋ። እማዬም እንዳይከፋው ብላ ዞረችና የፊተኛውን ወንበር ጀርባ እያየች «እንዴት ያምራል» አለች። እኔ በጆሮዋ እየጮህኩ ውኃው ገደሉን ሲወርድ፣ ጉሙ ሲነሣ፣ ቀስተ ደመናው ሲዘረጋ እነግራታለሁ። አዳምጣ አዳምጣ «ሰው ይታያል?» አለችኝ። ከዚህ ከፍታ ሰው አይታይም አልኳት። እንግዲያው ምኑን ነው የሚያሳዩን አለች።

ጀልባው ላይ ስንወጣ ያ ወሬኛው አስጎብኚ ላይፍ ጃኬት አልብሶን ዘለበቱን ጠቅ ጠቅ አደረገልን። አንተ ከኋላ መሪው ጋ ነበርክ፤ ኮፍያህን እስከ ቅንድብህ ደፍተህ፣ አፍና አፍንጫህን በጨርቅ ጠቅልለህ፣ ጥቁር መነጽር አድርገህ። አየሁህ፣ ግን አላወቅሁህም። ሹፌሩ የነገረኝን ጉሮሮ እስክሰማ ጆሮዬን ቀስሬ ተቀመጥኩ። እማዬ አጠገቧ ላለችው ሴትዮ ስለ ጉልበቷ ሕመም ታወራለች። ጉማሬዎቹ ጆሯቸውንና አፍንጫቸውን ብቻ አውጥተው ያፈጡብናል። ከዚያ አስጎብኚው በእጁ ምልክት ሰጠህና ሞተሩን አጠፋህ፤ ዳር ላይ የተጋደመውን አዞ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ፎቶ ያነሣው ጀመር።

ሞተሩን መልሰህ ልታስነሣ ስትል ጉሮሮህን ጠረግ አደረግህ። ገና በልጅነትህ ባልዲ ልታነሣ እንኳ ስትል እንደምታደርገው። ዞር ስል ከኮፍያህ ሥር ያ ውሻ የነከሰህ ጆሮ ወጥቷል። እማዬን አየኋት፤ የጉልበቷን ወሬ ከመሃል አቋርጣ ዝም ብላለች። አዞው አስፈራት ብዬ «አይዞሽ፣ ሩቅ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲያ አንገቷን ደፍታ የላይፍ ጃኬቱን ማሰሪያ ስትነካካ ቆየች። ዘለበቱን አላመነችውም መሰለኝ፣ የተንጠለጠለውን ትርፍ ማሰሪያ በውስጡ አሹልካ፣ የዳቦ ከረጢት የምታስርበትን ያንን ማንም የማይፈታውን ድርብ ቋጠሮዋን ቋጠረችበት። ምን እያደረግሽ ነው ብላት «ይጥበቅ» አለችኝ።

ዳር ወጥተን ለምሳ ስንቀመጥ ልፈታላት በጥፍሬ ታገልኩ። እጄን መታ አድርጋ «ተይው፣ የጀልባው ሰዎች ይፈቱታል» አለች። ሰው ሁሉ ጃኬቱን አውልቆ ሲበላ እሷ ያንን ብርቱካንማ ነገር እንደለበሰች ሩዟን በላች። እኔ በዚህ መሃል ነው ሹልክ ብዬ ከማድቤቱ ጀርባ፣ ነዳጅ በርሜሎቹ ጋ ያገኘሁህ። ጨርቁን ስታወርድ ልመታህ ነበር አመጣጤ፤ ጉንጭህ እንዲያ ገብቶ ሳይ ክንዴ አልታዘዝ አለኝ። እሷ ያለችበትን ሁኔታ ስነግርህ አለቀስክ። አልቅሰህ ስታበቃ ምን አልከኝ? «አባቴን ያልቀበርኩ ሰው በምን ዓይኔ ነው የማያት?»

ማን ከሰሰህ? የአባባ መሞት የተነገረህ ከተቀበረ በኋላ እንደሆነ እናውቃለን። እስከ ሰፈራችን ጥግ መጥተህ፣ የድንኳኑን ሰው አይተህ መመለስህን የባለሱቁ ሚስት ነግራናለች። እማዬ አንድም ቀን ለምን አልቀበረም ብላ አታውቅም። የጠየቀችው በልቶ ይሆን ወይ ብላ ነው። ማንም ሳይከስህ ራስህ ከሰህ፣ ራስህ ፈርደህ፣ ቅጣቱን የምትቀጣው እሷን ሆነ። ጊዜ ስጪኝ፣ ሰው መስዬ እመጣለሁ አልከኝ። ጊዜ የለንም ነው እኮ የምልህ። ብትነግሪያት ከዚህም እጠፋለሁ ብለህ በአባባ አጥንት አስማልከኝ። ማልኩልህ። እስከ ዛሬም ትንፍሽ አላልኩም። መሐላው ግን እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።

ወደ መሳፈሪያው ተመልሰን ስንወርድ የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን እኔ ከቆምኩበት እንዴት እንደነበር ስማ። አስጎብኚው ቋጠሮውን ቢታገለው ቢታገለው እምቢ አለው። ቢላ አወጣ። እማዬ «የሰው ንብረት አይቆረጥም፣ ጥርስ ያለው ሰው የለም እንዴ?» አለች። እሱም እየሳቀ አንተን ጠራህ። ወደ እኔ ተመለከትክ፣ እኔ ወደ ውኃው ተመለከትኩ። መጣህ። ቋጠሮው እንዲታይህ መነጽርህን ኮፍያህ ላይ ሰቀልክ፣ ጨርቁን አወረድክ፣ ጎንበስ ብለህ ነከስከው። ስትጎነበስም ቀና ስትልም ፊትህ ከፊቷ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። አሁን ትጮሃለች፣ አሁን አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች ብዬ ጠበቅሁ። ምንም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ራሷን ሳታነቃንቅ ተቀምጣ ነበር። አንተ ትቸኩላለህ፣ ቋጠሮው አያስቸኩልህም። በመጨረሻ ሲፈታ «ተባረክ ልጄ» አለችህ፤ ለአውቶቡስ ረዳቱም ለዳቦ ሻጩም እንደምትለው። ከዚያ እጄን ያዘችና ወደ አውሮፕላኑ ሄድን።

በቃ፣ ዓይኗ አልቆለታል አልኩ በልቤ። አንድ ስንዝር ላይ ያለ ልጇን ያላየ ዓይን ምን ቀረው? መንገዱን ሁሉ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። እሷ ተኛች። አብራሪው ፏፏቴው በስተግራ ነው ሲል እንኳ አልነቃችም፤ እያንኮራፋች ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለችው እማዬ የማውቃት እማዬ አይደለችም። ስለ አንተ መጠየቅ ተወች። በር ሲንኳኳ ራሷን እንኳ ቀና አታደርግም። ትናንት ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ እኔ ከልምዴ «አይደለም» ብላት «ማን አይደለም?» አለችኝ። ልብሷን እያጣጠፈች ታንጎራጉራለች፤ አባባ ከሞተ ወዲህ ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሻይዋን እየጠጣች፣ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ሰኞ ይሥራው አለችኝ። ልጅሽንስ፣ ሳታዪው? አልኳት። «እንግዲህ የሚቆየኝ ነገር የለም፤ ቢተርፍም ባይተርፍም ግድ የለኝም» ብላ ስኳር ጨመረች።

ገባህ ወንድሜ? ተስፋ ቆርጣለች። ያንን ሁሉ ዘመን ዓይኗን ስትጠብቅ የኖረችው ለአንተ ነበር፤ አሁን የምትጠብቅለት ሰው የለም ብላ ለቢላ ሰጠችው። ቆርጦላት እንዲህ ፈገግ ስትል ማየት ከልቅሶዋ በላይ ገደለኝ። ልከለክላት ብል ዓይኗ በራሱ ይጠፋል፤ ልውሰዳት ብል አንተን ሳታይ ልትጨልምብኝ ትችላለች። ልንገራት ብል መሐላህ አለ። ወዴት ልሂድ? ለማን ልንገር? እኔም እኮ ልጅ ነኝ፤ አባባ ለእኔም አባት ነበር፤ የሚያጽናናኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ስለዚህ እግርህ ሥር ወድቄ እለምንሃለሁ፣ ከሰኞ በፊት ና። ይህን ደብዳቤ ለአብራሪው አደራ እሰጠዋለሁ፤ ሲመለስ ባዶ ወንበር አያጣም። እንደ ጆንያ ይመዝንሃል እንጂ ያመጣሃል። ሰው መስለህ አትምጣ፤ እንደሆንክ ና። ዘይት የጠጣ ሱሪህን ለብሰህ ና፣ እኔ አጥቤ እተኩስልሃለሁ። ምንም አልናገርም ካልክም አትናገር። ፊት ለፊቷ ቀረብ ብለህ ቁም፣ የቀረውን እሷ ታድርገው።

ይህን እየጻፍኩ እማዬ ግድግዳውን እየዳበሰች መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ለማን ነው የምትጽፊው አለችኝ። ደነገጥኩና ለመሥሪያ ቤት ነው አልኳት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። «እንግዲያው ከእኔም ሰላም በይልኝ። አይጨነቅ። በደንብ ይብላ፣ ከስቷል» ብላ እያንጎራጎረች ተመለሰች። መሥሪያ ቤት ይበላል እንዴ? ይከሳል እንዴ? ይኸው፣ አሁን ደግሞ አእምሮዋም እየከዳት እንዳይሆን ሰጋሁ።

ፈጣሪ ከአዞውም፣ ከወንዙም፣ ከራስህም ይጠብቅህ። ለእጅህ ሥራ፣ ለልብህ ሰላም ይስጠው። መንገድህን ወደ ቤት ያድርገው።

በሩን ሳትቆልፍ የምትጠብቅህ፣
ታላቅ እህትህ